የማን ቀኝ?

ልጅ ሳለሁ መንግሥተ ሰማያት በቀኝ በኩል እንደምትገኝ አውቅ ነበር። ማንም ቁጭ አድርጎ አላስተማረኝም፤ ከሰው አፍ የለቀምኩት ነው። አክስቴ እትዬ ጥሩነሽ ጠዋት በሩን ሲከፍቱ «በቀኝ አውለኝ» ይላሉ፣ ማታ ሲዘጉት «በቀኝ አሳድረኝ» ይላሉ። እናቴ የሞተች ጊዜ ድንኳኑ ውስጥ የነበሩት የእድር ሰዎች ተራ በተራ እየተነሱ አያቴን «በቀኙ ያቁማት» ሲሏቸው ሰምቻለሁ። እናቴ እንግዲህ በቀኝ ቆማለች ማለት ነው፤ አንድ ቀን ስሄድ እዚያው ቆማ አገኛታለሁ። ነገሩ ለእኔ ይህን ያህል ቀላል ነበር። ችግሩ ግራኝ መሆኔ ነው።

የምንኖረው አሰላ፣ ወደ ጭላሎ ተራራ በሚወጣው ሰፈር፣ በአያቴ ቤት ነበር፤ አያቴ፣ እትዬ ጥሩነሽ፣ ታላቅ ወንድሜ ዳዊትና እኔ። አያቴን እኔና ዳዊት «አባባ» ነበር የምንላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጭነት መኪና ሾፌር ነበሩ፤ ከበቆጂ ገብስ፣ ከሳጉሬ ስንዴ ሲያመላልሱ ኖረው ዓይናቸው ሲደክም ቁልፉን አስረከቡ። መኪናው ቢቀርም ሾፌርነቱ ግን አልቀረም። ወንበር ላይ ሲቀመጡ እንኳ ከመቀመጣቸው በፊት ኋላቸውን ያያሉ፣ እኛ ስንጨቃጨቅ «ፍሬን ያዙ!» ይሉናል።

ግራኝነቴን እትዬ ጥሩነሽ እንደ በሽታ ነበር የሚያክሙት። ማንኪያ ሳነሳ «በቀኝሽ!»፣ ለእንግዳ ውኃ ሳቀርብ «በቀኝሽ አላልኩም!»። አንዳንዴማ ግራ እጄን በነጠላ ቁራጭ ከመቀነቴ ጋር ያስሩብኝ ነበር። ክፉ ሴት አልነበሩም፤ እናት የሌላት ልጅ ሰው ፊት መሳቂያ እንዳትሆን ብለው ነው። እኔም ቢሆን ያኔ እንደ አመል እንጂ እንደ ኃጢአት አላየሁትም፤ ሲያዩኝ በቀኜ፣ ዞር ሲሉ በግራዬ እየበላሁ በሰላም እኖር ነበር።

ያኔ መብራት ሲመሽ ጠብቆ የሚጠፋ ይመስለን ነበር። የአሰላ ብርድ ደግሞ የታወቀ ነው፤ ፀሐይዋ ገባ ከማለቷ ከጭላሎ ወርዶ በበሩ ሥር ሾልኮ ይገባል። እትዬ ጥሩነሽ የከሰል ምድጃውን ወደ መሃል ይስቡታል፣ ፋኖሱን ይለኩሳሉ፣ አመዱ ውስጥ ድንች ይቀብራሉ። ከጎረቤት ጓሮ የባሕር ዛፍ ጭስ እየገባ ዓይናችንን ያቃጥለናል፣ ግድግዳው ላይ የሁላችንም ጥላ ተደራርቦ ይንቀጠቀጣል፤ አባባም ጋቢያቸውን እስከ ጆሯቸው ተከናንበው ጨዋታ ይጀምራሉ። ብዙ ጊዜ ጋሽ ከድርም ይኖራሉ። ጋሽ ከድር በወጣትነታቸው የአባባ ረዳት የነበሩ፣ ጭነት ሲያስሩና ጎማ ሲቀይሩ የኖሩ ሰው ናቸው፤ በኋላ ወልደው ከብደው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ ከፈቱ። ሱቃቸውን ዘግተው ወደ ቤታቸው ሲያልፉ እኛ ቤት ጎራ ሳይሉ አይሄዱም።

የአባባ መንግሥተ ሰማያት የሾፌር መንግሥተ ሰማያት ነበረች። ከአሰላ ወደ በቆጂ የሚወስደው መንገድ ያኔ ፒስታ ነበርና፣ ክረምት ሲገባም ጭቃው መኪና ይውጥ ነበርና፣ እዚያ ላይ ግን መንገዱ ሁሉ አስፋልት ነው ይሉናል፤ ጉም የለም፣ ጎማ አይፈነዳም፣ ጎሚስታዎቹ ሥራ ፈትተው ጥላ ሥር ሲጫወቱ ይውላሉ። ኬላ ግን አለ። ኬላው ላይ ቅዱስ ጴጥሮስ መክፈቻውን ይዞ ይቆማል። ሾፌሩ ወረቀቱን ሊያወጣ ኪሱን ሲዳብስ እጁን ይይዘውና «ምን ጫንክ አላልኩህም፤ ማንን ጫንክ ነው ያልኩህ» ይለዋል። አባባ በዘመናቸው መንገድ ላይ ያገኙትን እግረኛ፣ ዝናብ የያዛትን ነፍሰ ጡር፣ ከገበያ የመሸበትን ሽማግሌ ሳይጭኑ አልፈው አያውቁም ነበርና፣ እዚህ ቦታ ሲደርሱ ድምፃቸው ራሱ ደስ ይለው ነበር።

«የኛ ጀነት ወንዝ አላት ጋሼ» ይላሉ ጋሽ ከድር፣ «የወተት አለ፣ የማር አለ። የእናንተስ?»

«ወንዙስ ሞልቷል፤ እኔን የሚያሳስበኝ ድልድዩ ነው» ይላሉ አባባ።

እትዬ ጥሩነሽ ብርድና የጉልበት ሕመም የሌለበት ቦታ ከሆነ ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ አልነበራቸውም። ዳዊት በበኩሉ ሩጫ ከሌለ አልሄድም እያለ ያስቀን ነበር። እኔ የምፈልገው እዚያ ቆማ የምትጠብቀኝን አንድ ሰው ብቻ ነበር።

አንድ ምሽት ግን አባባ ጨዋታውን ወደ መጨረሻው ቀን ወሰዱት። ጌታ በዙፋኑ ይቀመጣል አሉ፤ ከአዳም ጀምሮ የተፈጠረ ሰው ሁሉ ፊቱ ይሰበሰባል፤ እረኛ መንጋውን እንደሚለይ እሱም ሰውን ይለያል፣ በጎቹ በቀኝ፣ ፍየሎቹ በግራ። በቀኝ ያሉት ይገባሉ። በግራ ያሉት ግን፣ አሉና አባባ፣ ቃሉን ሳይጨርሱ በእጃቸው ብቻ በሩ ወዲያ ያለውን ጨለማ አመለከቱ።

እኔ በዚያች ሰዓት የተላጠ ትኩስ ድንች ይዤ ነበር። የያዝኩበትን እጅ አየሁት። ቀስ ብዬ ድንቹን ወደ ቀኜ አሻገርኩና ግራ እጄን የሹራቤ እጅጌ ውስጥ ሰበሰብኩት። ማንም አላየኝም። ድንቹን ግን ሳልቀምሰው አስቀመጥኩት።

ከዚያ ምሽት በኋላ በቀኝ ለመኖር ቆርጬ ተነሳሁ። ትምህርት ቤት በቀኜ መጻፍ ጀመርኩ፤ ፊደሎቼ እንደ ሰካራም እየተንገዳገዱ ከመስመር ይወጡ ጀመር፣ መምህሬም ደብተሬን አዙረው አዙረው እያዩ «ምን ነካሽ?» አሉኝ። ቤት ስገባ ሾርባው ከአፌ ይልቅ ቀሚሴን ያጠግባል። እትዬ ጥሩነሽ ግን ደስታቸውን አልቻሉትም። «እሰይ፣ ልብ ገዛሽ!» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ፤ እሳቸው በተደሰቱ ቁጥር የእኔ ፍርሃት እውነት መሆኑ ይረጋገጥብኛል። ከሁሉ የከፋው እንቅልፍ ነበር። ቀን የታዘዘኝ እጅ ስተኛ የራሱን ያደርጋል፤ ጠዋት ስነቃ ትራሴን በግራዬ አቅፌ አገኘዋለሁ። ቀን ቀኝ ብሆን ሌሊት ግራ ነኝ፣ ይህን ደግሞ የሚያይ አለ እያልኩ እጨነቅ ነበር።

እንዲህ እያልኩ ስሰነብት መብራት ጠፋ፤ ጋሽ ከድርም እንደ ወትሯቸው መጡ። እትዬ ጥሩነሽ የታጠበውን የፋኖስ ብርጭቆ ከመደርደሪያው አምጪ አሉኝ። በቀኜ አንስቼ ሁለት ሦስት እርምጃ እንደሄድኩ ከእጄ ሾለከና ወለሉ ላይ ተበተነ። በግራዬ ብይዘው ኖሮ እንደማይወድቅ እኔም እጄም እናውቃለን። እትዬ ጥሩነሽ ገና አፋቸውን ሳይከፍቱ ልቅሶዬ ቀደማቸው፤ ለብርጭቆ የሚለቀስ ልቅሶ አልነበረም።

አባባ ወደ ጋቢያቸው ሳቡኝ። ግራ እጄ እጅጌዬ ውስጥ ተጨብጦ እንዳለ አገኙት። ሊያወጡት ሲሞክሩ እምቢ አልኳቸው።

«ምን ሆነሽ ነው የኔ ልጅ? ተቃጥለሽ ነው?»

«አባባ» አልኳቸው፣ «ግራኝ ሰው እናቱን አያገኝም?»

እትዬ ጥሩነሽ መጥረጊያቸውን እንደያዙ ቆሙ። ዳዊት እንኳ አልሳቀም። አባባ መጀመሪያ ነገሩ አልገባቸውም፤ ከዚያ ያን ምሽት በእጃቸው ያመለከቱትን ጨለማ ያስታወሱት ይመስለኛል፣ ምክንያቱም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው አበሱ።

«ከድር» አሉ በመጨረሻ፣ «ያን የሳጉሬውን ቀን ታስታውሳለህ?»

«ወይ ጋሼ! ድንቹን ነው? እሱን እንዴት እረሳለሁ?»

ነገሩ የሆነው ጋሽ ከድር ረዳትነት በጀመሩ ሰሞን ነው። የሳጉሬ ገበያ ቀን ነበር፣ መኪናው በጠባብ መንገድ በሻጮች መሃል ማለፍ ነበረበት፤ ጋሽ ከድር ከፊት ወርደው፣ ፊታቸውን ወደ ሾፌሩ አዙረው፣ እየመሩ ወደ ኋላ ይሄዳሉ። «ቀኝ ስበር!» ብለው ጮኹ። እሳቸው ያሉት የራሳቸውን ቀኝ ነው፤ አባባ ደግሞ መሪውን ወደ ራሳቸው ቀኝ አዞሩትና የፊት ጎማው የአንዲት ሴት የድንች ክምር ላይ ወጣ።

«ሴትዮዋ በኦሮምኛ ያወረደችብኝን ስድብ ልጅ ፊት አልደግመውም» አሉ ጋሽ ከድር።

«ከዚያን ቀን ወዲህ» አሉ አባባ፣ «ፊት ለፊቴ የቆመ ሰው ቀኝ ባለኝ ቁጥር፣ የማን ቀኝ ብዬ ሳልጠይቅ መሪ አዙሬ አላውቅም። ነይ፣ በርጩማው ላይ ተቀመጪ። ዳዊት፣ ሰፌዱን ስጣት።»

ሰፌዱ መሪ ነው ተባልኩ፤ ያዝኩት። ጋሽ ከድር ከምድጃው ወዲያ ቆመው፣ እንደ ድሮው በሁለት እጃቸው እየጠሩ «ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ ቀኝ ስበሪ!» አሉኝ። ወደ ቀኜ አዞርኩት። «ኧረ ድንቹ! የኔን ቀኝ ነው ያልኩሽ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ፤ ዳዊት በሳቅ ወደቀ፣ እኔም እንባዬ ሳይደርቅ ሳቅ አመለጠኝ። አባባ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካክለው ጋሽ ከድር የቆሙበት ቦታ ላይ ቆሙ፤ የፍሙ ብርሃን ከታች ፊታቸውን ያሳየኝ ነበር።

«እዪኝ እንግዲህ» አሉኝና ቀኝ እጃቸውን ወደ ጎን ዘረጉ። «ይሄ የማን ቀኝ ነው?»

«የእርስዎ።»

«ለአንቺ በየት በኩል ሆነ?»

አየሁት። ወደ ጎኔ አየሁ። «በግራዬ።»

«ጌታ ዙፋኑ ላይ ሲቀመጥ ታዲያ ፊቱን ነው ወደ አንቺ የሚያዞረው ወይስ ጀርባውን?»

«ፊቱን።»

«እንግዲያው ቀኙን አሳዪኝ።»

እጄ ከእጅጌዬ ውስጥ ራሱ ወጣ። አሁንም ድረስ ስሜቱን አልረሳውም፤ ተጨብጦ ስለ ቆየ ጣቶቼ ደንዝዘው ነበር፣ ብርዱ ሲነካቸው ነዘሩኝ። ግራ እጄን አነሳሁና የእሱ ቀኝ ያለበትን አሳየኋቸው።

«እናትሽ እዚያ ናት» አሉ አባባ።

እፎይታ ምን እንደሆነ ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው። ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር ተነስቶ ሄደ፤ ራበኝ፣ እንቅልፌም መጣ፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ። አመዱ ውስጥ የቀረውን ድንች አውጥቼ በግራዬ ይዤ መብላት ጀመርኩ። በዚህ መሃል ሌላ ነገር ትዝ አለኝ።

«ዳዊትስ? እሱ ግራኝ አይደለም እኮ።»

ዳዊት ደንገጥ አለ፤ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ስለ ራሱ አስቦ አያውቅም ነበር። አባባ አሁን ሳቁ። «እሱን አንቺ ትጭኚዋለሽ። ኬላው ላይ ማንን ጫንሽ ስትባዪ መልስ አለሽ ማለት ነው።»

እትዬ ጥሩነሽ ስብርባሪውን ጠርገው ሲጨርሱ «አባዬ፣ ልጅን እንዲህ ብለው ያስተምራሉ? ቄሱ ቢሰሙ ምን ይላሉ?» አሉ።

«ቄሱም ሲባርኩን ፊታቸውን ወደ እኛ አዙረው ነው፤ እሑድ አስተውዪ» አሏቸው አባባ።

እሑድ አስተዋልን። ቅዳሴው ሲያልቅ ቄሱ ወደ ሕዝቡ ዞረው መስቀላቸውን በቀኝ እጃቸው ከፍ አደረጉ፤ መስቀሉ በእኔ ግራ በኩል ሲያበራ አየሁት። የእትዬ ጥሩነሽን ነጠላ ጎተት አደረግኩ። እሳቸውም አይተዋል። ቤት ገብተን ምሳ ሲቀርብ ማንኪያዬን ከሳህኔ በስተግራ አስቀምጠውልኝ አገኘሁት። ያቺ የነጠላ ቁራጭም ከዚያ በኋላ የፋኖስ መወልወያ ሆነች።

ካደግኩ በኋላ፣ ሁሩታ ከተማ መምህርት ሆኜ ስኖር፣ ነገሩ ከመጀመሪያውም የእጅ ጉዳይ እንዳልነበረ ገባኝ። የተራበ ያበላና የታረዘ ያለበሰ ነው በቀኝ የሚቆመው፤ ማንን ጫንክ የሚለውም የአባባ ጥያቄ ሌላ ነገር አልነበረም። አባባም ያውቁት ነበር። ግን ለዚያች ለተጨበጠች እጅ ያን ምሽት ትምህርት አላስፈለጋትም፤ የሚያስፈልጋት መግቢያውን ማየት ነበር። ክፍሌ ውስጥ በግራው የሚጽፍ ልጅ ሲያጋጥመኝ ደብተሩን ዘንበል አድርጌ አስተካክልለትና አልፋለሁ።

አባባ በጣም ካረጁ በኋላ ስትሮክ መታቸው። ቀኝ ጎናቸው አልታዘዝ አለ። እትዬ ጥሩነሽ ደውለው «ምግብ እምቢ ብለውናል፣ ነይ» አሉኝ፤ በሚኒባስ ደረስኩ። አባባ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ተኝተዋል። ሰው ሲያጎርሳቸው ያፍራሉ፣ በግራቸው ለመብላት ደግሞ እሺ አይሉም። ያንን ሁሉ መኪና የነዱት ሰው ብርድ ልብሱ ውስጥ አንሰው ነበር። አልጋው ጫፍ ላይ ስቀመጥ በተያዘ አንደበታቸው ቀስ ብለው ያሉኝ ስለ ምግብ አልነበረም።

«ቀኜ ሞተ ልጄ። በምን ላማትብ? ምን ይዤ ልቅረብ?»

ያኔ ልጅ ሆኜ የፈራሁት ያው ፍርሃት ነበር። ተነሳሁና በርጩማውን ጎትቼ ከግድግዳው በኩል፣ ፊት ለፊታቸው ተቀመጥኩ። ቀኝ እጄን ወደ ጎን ዘረጋሁ።

«አባባ» አልኳቸው፣ «የማን ቀኝ?»

እጄን አዩት። ከዚያ የሚታዘዛቸው ግማሽ አፋቸው ፈገግ አለ፤ ዓይናቸው ሞላ። ግራ እጃቸው ከብርድ ልብሱ ሥር ቀስ ብሎ ወጣ፤ ወደ ግንባራቸው፣ ወደ ደረታቸው፣ ከትከሻ ወደ ትከሻ። እንደ እኔ የቀኝ እጅ ፊደሎች የተንጋደደ ማማተብ ነበር። እትዬ ጥሩነሽ የገብስ ገንፎውን ይዘው በር ላይ ቆመው ነበር። ገቡና ማንኪያውን በስተግራ አስቀመጡላቸው።

አባባ ከዚያ በኋላ ግራኝ ሆነው ብዙ ክረምት ከረሙ፤ በልተው፣ ቀልደው፣ ጋሽ ከድርን «መንጃ ፈቃዴን ቀየርኩ» እያሉ አስቀው። ያረፉት በእንቅልፋቸው ነው። ድንኳኑ ውስጥ የእድሩ ሰዎች እንደ ድሮው ተራ በተራ እየተነሱ «በቀኙ ያቁማቸው» ሲሉኝ፣ ያኔ ያስፈራኝ ቃል አሁን ገላገለኝ፤ ከልቤ አሜን አልኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ጋሽ ከድር ወደ ጆሮዬ ዘንበል ብለው «አትስጊ፣ መንገዱ አይጠፋቸውም። ጋሼ ሳይጠይቁ አያዞሩም» አሉኝ፤ ለቅሶ ላይ ሆኜ ሳቄ መጣ።

መንግሥተ ሰማያት ምን እንደምትመስል ዛሬም አላውቅም። አስፋልት ይኑራት ወንዝ፣ ሩጫ ይኑራት ዕረፍት፣ ሄዶ ተመልሶ የነገረን የለም። በምድጃው ዙሪያ ከተወራው ሁሉ እኔ ዘንድ የቀረው አንድ ነገር ነው፤ እዚያ የሚጠብቀን ፊቱን ወደ እኛ አዙሮ ነው።